የጳጉሜ ቀጠሮ

ፈህሚያ ዐብዱረሕማን ሥራዋ ምን እንደሆነ ለአባቷ ለማስረዳት ሦስት ዓመት ሙሉ ሞክራ አልሆነላትም። ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ ውስጥ ሌሎች የጻፉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ትፈትሻለች። ያውም በገዛ ጣቷ አይደለም። በሰው ፈንታ ድረ ገጹን የሚከፍት፣ ስም የሚሞላና ቁልፉን ጠቅ የሚያደርግ ሌላ ፕሮግራም ትጽፋለች፤ እሱ ሲሠራ እሷ ቁጭ ብላ ታያለች። አባቷ ይህን ሰምተው፣ «እንግዲያ ማሽኑ ይለፋል፣ አንቺ ታርፊያለሽ፤ አልሐምዱሊላህ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የመጣላቸው ሥራ የአንድ የዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ መመዝገቢያ ነበር። የክሊኒኩ ጸሐፊ የበሽተኛውን ስምና የቀጠሮውን ቀን ትሞላለች፣ «መዝግብ» የሚለውን ትጫናለች፣ ወረቀት ታትሞ ይወጣል። ይኸው ነው። ፈህሚያ ግን ይህን ሥራ ከሌላው ሁሉ ለይታ ይዛው ነበር፤ በዚያ ክሊኒክ ከሚታከሙት አንዷ ሽታዬ ናትና።

ሽታዬ የኮሶዬ ገበሬ ሚስት ናት። ባሏ አያ ክንዱ ገብሳቸውን ከጥንት ጀምሮ የሚያስረክቡት ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ላለው ለፈህሚያ አባት መደብር ነው። ፈህሚያ ስትወለድ እናቷ ጦይባ በትኩሳት ወድቃ ጡቷ ደረቀ። በዚያው ሰሞን ሽታዬ የሁለት ወር ልጇን ቀብራ፣ ጡቷ ወተት እንዳጋተ፣ ከባሏ ጋር ወደ ከተማ ወርዳ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ የለም። ብቻ ሽታዬ ስምንት ወር አዲስ ዓለም ተቀምጣ የሰው ልጅ አጠባች። ከዚያ ወዲህ ፈህሚያ በክርስቲያኑ ወግ የጡት ልጇ ናት፤ በሸሪዓውም ሽታዬ እናቷ፣ ልጆቿም ኒካሕ የማይታሰርባቸው ወንድሞቿ ናቸው። ቄሱም ሼሁም አንድ ቃል የሚናገሩበት ጉዳይ ብዙ አይገኝም፤ ፈህሚያ በዚህ ትኮራ ነበር። ሴትዮዋን የምትጠራት «እምዬ» ብላ ነው።

የሽታዬ ቀኝ ዓይን ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ግራውም እየጠበበ ነበር። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው አሏት፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በቀዶ ሕክምና ማቆየት ይቻላል አሉ። ያንን የሚሠሩት ስፔሻሊስት ደግሞ በዓመት አንዴ ከውጭ የሚመጡ እንግዳ ናቸው። በዚያ ዓመት ጎንደር የሚቆዩት ከጳጉሜ አንድ እስከ ጳጉሜ አራት ነበር። ያ ካለፈ ዓመት መጠበቅ ነው፤ ዓይኑ ደግሞ ዓመት የሚጠብቅ አልነበረም።

ወደ ሐምሌ መጨረሻ ላይ የፈህሚያ ፈታሽ ፕሮግራም አልሄድ ብሎ አስቸገራት። መጀመሪያ ገጹ ተከፍቶ ሳያበቃ ጠቅ እያደረገ ጠቅታው ባዶ ላይ ወደቀ፤ እንዲጠብቅ አደረገችው። ቀጥሎ ቁልፉ ከስክሪኑ ግርጌ ወርዶ አላገኘው አለ፤ ገጹን እንዲስበው አደረገችው። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አለፈችው። ያበሳጫት ሦስተኛው ነው። የዓመቱን ቀን ሁሉ ከመስከረም አንድ ጀምሮ እንዲመዘግብ አዝዛው፣ እስከ ነሐሴ ሠላሳ እየጋለበ ይመጣና ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዲት ማስጠንቀቂያ ገጹ ላይ ብቅ ትላለች፤ እሷ እስካልተዘጋች ድረስ ከሥሯ ያለው ቁልፍ ቢጠቀጥቁት አይሰማም።

ማስጠንቀቂያ ደግሞ ያ ፕሮግራም ሞልቶ ተርፎት ነበር። ስልክ ቁጥር አልሞሉም፣ ይቀጥል? እሺ። ወረቀቱ ይታተም? እሺ። እርግጠኛ ነዎት? አዎ እሺ፣ እሺ! ፈህሚያ በዚህ ተሰላችታለች። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ሥራውን የሚረከቡት ሰኞ ነው፣ ሰዉም ወደየቤቱ እየተነሣ ነው። ስለዚህ ሁለት መስመር ጻፈች፦ ምንም ዓይነት ማስጠንቀቂያ ብቅ ቢል «እሺ» ብለህ እለፍ። ምን እንደምትል አላነበበቻትም። ጎኗ የተቀመጠው አለነ፣ ፕሮግራሙን የጻፈው እሱ ነው፣ አየና «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ፈተናው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ፤ ሁሉም አለፈ።

ሰነፍ ነበረች እንዳይባል፤ አልነበረችም። ሌላውን ሁሉ አንብባለች። ያላነበበችው ያችን አንዲቱን ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አያ ክንዱ ሚስታቸውን ይዘው ወርደው ቀጠሮ አስያዙና በዚያው ተመለሱ። በማግሥቱ ረፋድ የፈህሚያ ስልክ ጮኸ።

«ልጄ፣ ሸጋ ነሽ?» አሉ አያ ክንዱ።

«አልሐምዱሊላህ፤ እምዬ እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት። ይቺን ወረቀት የጤና ኬላዋ ልጅ አነበበችልን፤ መስከረም ሁለት ይላል። ሰውዬው የሚመጣው በጳጉሜ ነው ሲሉ አልነበር? ምነው እንዲህ ሆነ?»

ፈህሚያ በዚያ ሰዓት የሌላ ሥራ ስሕተት እያሳደደች ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነበር። «ቀኑ ተለውጦ ይሆናል፣ አያ ክንዱ። ወረቀቱን ይመኑ። የሚጽፈው ማሽን ነው፤ እሱን የፈተሽኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ የፈተሽሽው?»

«እኔው ራሴ።»

«እንግዲያ አለቀ» አሉ ክንዱ። ከስልኩ ወዲያ የሽታዬ ሳቅ ተሰማት፤ «አላልኩህም!» እያለች ነበር።

አንዲት ስልክ ወደ ክሊኒኩ ብትመታ ኖሮ በቂ ነበር። ክሊኒኩ ከቢሮዋ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ በእግሯም ብትሄድ ትደርስ ነበር። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ እንግዲህ የሚለቀም ሲኖር ነው።

መስከረም ሁለት ቀን 2010 ዓ.ም. ፈህሚያ እንግዶቿን ከመናኸሪያ ተቀብላ ወደ ክሊኒኩ ወሰደቻቸው። ሽታዬ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ በአንዱ ዓይኗ የከተማውን ሰው እያየች፣ «ይቺ ልጅ ከስታለች፤ ጦይባ አታበላትም እንዴ?» እያለች ስታሾፍ ነበር። ክሊኒኩ ጭር ብሏል። ጸሐፊዋ እንኳየሁ ወረቀቱን ተቀብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«እናቴ፣ ምነው ቀሩ? ሰውዬው እኮ በጳጉሜ አምስት ሄዱ» አለች።

የእጅ መዝገቧን አውጥታ አሳየቻቸው። በገዛ ጽሕፈቷ «ሽታዬ፣ ጳጉሜ 3» ይላል። «ኮምፒውተሩ ላይም ጳጉሜ ሦስት ብዬ ነው የሞላሁት። የሆነች ነገር ብቅ አለችብኝ፤ እሺ አልኳት። ሁልጊዜም እሺ ነው የምላት» አለች። በጳጉሜ የተቀጠሩት ሌሎቹ የከተማ ሰዎች ነበሩ፤ ሐኪሙ መምጣታቸውን በወሬ ሰምተው፣ ወረቀታቸውን ሳያዩ መጥተው ታከሙ። ወረቀቱን ያመነችው ሽታዬ ብቻ ናት።

ፈህሚያ የዚያኑ ቀን ቢሮ ገብታ ገጹን በገዛ እጇ ከፈተች። ጳጉሜ 3 ብላ ሞላች፣ «መዝግብ» የሚለውን ጠቅ አደረገች፣ ብቅ ያለችውን ማስጠንቀቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበቻት። «ይህ ቀን የለም። ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይዛወር?» ትላለች። አለነ የወሮቹን ዝርዝር ከውጭ ከመጣ ኮድ ላይ እንዳለ ወስዶ አሥራ ሁለት አድርጎ ትቷቸዋል። ጎንደር ተወልዶ፣ ጎንደር አድጎ፣ ሰውየው ጳጉሜን ረሳ! ነሐሴ ሠላሳ ሲያልቅ ቀጥሎ መስከረም ነው፤ መስከረም አንድ በዓል ስለሆነ ደግሞ ሁለት።

አለነ ላይ ልትጮህ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እሱ ረሳ፤ እሷ ግን አልረሳችም ነበር። ጳጉሜን በፈተናዋ ውስጥ አስገብታለች። ፈተናዋ ስሕተቱን ይዞላት፣ ቆሞ ሲነግራት ነበር። አፉን የዘጋችው እሷ ናት። ማስተካከሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ለሽታዬ ጠብታ መድኃኒት ተሰጣት፣ ለአዲስ አበባም ተጻፈላት፤ ቀጠሮው ለጥር ሆነ። ኅዳር ሲገባደድ ግራ ዓይኗ ጠፋ። ፈህሚያ ወሬውን የሰማችው ከአባቷ ነው። «የአላህ ሥራ ነው» አሏት፤ እሷ ግን የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለች። ምግብ አልበላ አላት። የሽታዬን ሳቅ በስልክ እንደሰማችው እየሰማች ትውላለች። በታኅሣሥ መግቢያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለማንም ሳትነግር የደባርቅ ሚኒባስ ተሳፍራ ኮሶዬ ላይ ወረደች።

አያ ክንዱ ገብስ እየወቁ ነበር። ሽታዬ ከቤቷ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። በእግር ኮቴዋ አወቀቻት፤ «መጣሽ?» አለች፣ ፊቷን ግን ወደ ሌላ ወገን አድርጋ ነበር።

ፈህሚያ አጠገቧ ተንበረከከችና ሳትጀምረው ድፍረቷ እንዳይከዳት ፈጥና ተናገረችው። «እምዬ፣ ያን ወረቀት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ማሽኑ ተሳስቶ ነበር፤ መሳሳቱን ሊነግረኝ ጽሑፍ አወጣልኝ፤ ሳላነብ እሺ በለው እለፍ አልኩት። አያ ክንዱም ሲጠይቁኝ ሳላጣራ መለስኩ።»

ሽታዬ መፈልፈሏን አላቆመችም። «ምን ይል ነበር ጽሑፉ?»

«ይህ ቀን የለም ነው የሚለው።»

«የቱ ቀን?»

«ጳጉሜ ሦስት።»

አያ ክንዱ የገለባ መንሻቸውን እንደያዙ መጥተው ከኋላቸው ቆመው ኖሯል። «ሩፋኤል የለም?» አሉ። ቆየት ብለውም፣ «ያን ለት የጤና ኬላዋ ልጅ መጣች። ሰውዬው ጎንደር ገብቷል፣ መኪና አለ፣ ውረዱ አለችን። እንሂድ አልኩ። ይቺ እምቢ አለች። ልጄ ወረቀቱን እመኑ ብላለች፣ ቀድሜ ሄጄ አላሳፍራትም አለች።» ሌላ የሚሉት የነበራቸው መሰለ፤ ግን ዞረው ወደ አውድማቸው ሄዱ፤ ፈህሚያ እስክትመለስም ወደ እሷ አልመጡም።

«ይቅር በይኝ» አለች ፈህሚያ።

«እግዜር ይቅር ይበልሽ፤ እኔማ ምን እይዝብሻለሁ፣ ጡቴን የሰጠሁሽ ልጅ» አለች ሽታዬ። እጇን ሰድዳ የፈህሚያን ጉልበት አገኘችና ያዘችው። «የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ ታውቂ የለ?»

«አውቃለሁ እምዬ።»

«እንሂድ አልሄድ ተባብለን እሱ ተቆጥቶ ወጣ፤ እኔ እዚሁ ደጅ ቆምኩ። ነጠላዬን ገፍፌ፣ ዓይኔን ወደ ላይ አቅንቼ፣ ያቺን የቀረችኝን አቆይልኝ እያልኩ። ያን ጊዜ ገና አይ ነበር። የዝናቡ ጠብታ ሲመጣ አንድ በአንድ ይታየኝ ነበር።» ጉልበቷን እንደያዘች ጠየቀች፦ «ሐኪሙ ያን ለት ስንት ሰዓት ድረስ ቆየ?»

ፈህሚያ ልትዋሽ ፈለገች። እንኳየሁ የነገረቻትን ግን ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻለችም። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ተራሽን ለሌላ ሳይሰጡ ሲጠብቁሽ ነበር።»

ሽታዬ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔም እስከዚያው ቆሜ ነበር» አለች።