ኩሽኔታውን የመረጠው ልጅ

ሃያ ሰባት ነበሩ፤ ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ነው። የምህንድስና ተማሪዎች ለኢንተርንሺፕ ከመውጣታቸው በፊት የሚወስዱት የሥራ ዝግጅት ኮርስ ሁሉ ነገሩ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፤ አንዱ ቀጣሪ ይሆናል፣ አንዱ ተቀጣሪ፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ሃያ ሰባት ለሁለት ሲካፈል አንድ ይተርፋል። በየሳምንቱ የምትተርፈው እሷ ነበረች። መምህርቷ አዝናላት ባዶ ወንበር ፊቷ ታስቀምጥና ካፖርቷን ጣል አድርጋበት፣ በይ እሱን አሳምኚው ትላታለች። ካፖርቱን ብዙ ጊዜ አሳምናዋለች።

እናቷ ስትደውል የምትጠይቃት ሁለት ነገር ነው፤ በላሽ ወይ፣ ጓደኛ ያዝሽ ወይ። ለሁለቱም አዎ ትላለች።

በዚያው ሴሚስተር የተሰጣት የፓምፕ ፕሮጀክት የሦስት ሰው ነበር። አንደኛው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ትምህርቱን ጥሎ ሄደ። ሌላኛውን ክፍሉ ሁሉ «መጣሁ» ይለዋል፤ በስልክ መጣሁ መጣሁ ይላል እንጂ ሲመጣ ያየው የለም። እሷም አልጨቀጨቀችውም። የፓምፑን ዘንግ አስልታ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ መርጣ፣ ሥዕሉን ስላ፣ ሪፖርቱን ጽፋ ስትጨርስ የሦስቱንም ስም ደረደረችበት።

መምህርቷ ሳትሰለች የምትደጋግመው ነገር ነበር፦ «ብቻዬን ሠራሁ የሚልን መሐንዲስ ማንም አይቀጥርም። ማን ምን እንደሠራ ተናገሩ።»

ያመለከተችበት የፓምፕ ፋብሪካ የዎርክሾፕ ኃላፊ ለኢንተርን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ለእሷም ሌላ የጠራት ፋብሪካ የለም። ኢንተርቪው ገብታ ገና ከመቀመጧ፣ ሪፖርቱ ላይ ያሉትን ሦስት ስሞች አይቶ ማን ምን ሠራ አላት። ሰውዬው ካፖርት አይደለም፤ ዓይን ዓይኗን ያያል። ብቻዬን ማለት አሳፈራት። ሥዕሉን ጥሎ ለሄደው ልጅ ሰጠች፣ ኩሽኔታውን ለመጣሁ፣ ለራሷ ሪፖርቱን አስቀረች። ነገሩ ሲጥማት ጊዜ፣ መጣሁ ሲያሰላ እንደሚያፏጭም ጨመረችበት።

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። ፓምፖቹ በየሦስት ወሩ ኩሽኔታ እየበሉ መከራውን እንዳሳዩት አጫወታት። ከዚያ የመጣሁን ስልክ ጠየቃት።

«ኩሽኔታውን የመረጠው ልጅ ይምጣልኝ። ጸሐፊስ ሞልቶኛል፣ ልጄ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቁጥሩን ሰጥታው ወጣች።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣሁ ደወለ።

«ስሚ እንጂ፣ ምን ሠራ ብለሽ ነው? አንድ ሽማግሌ ነገ ጠዋት ና አለኝ። ደግሞ ታፏጫለህ አሉ ይለኛል።»

ነገረችው። ከት ብሎ ሳቀና እሺ አስረጂኝ አላት። ዶርሟ አልጋ ላይ ተቀምጣ ከጭነቱ ጀመረች፤ ዘንጉ የት ጋ እንደሚጎብጥ፣ ተራው ኩሽኔታ ለምን እንደማይችለው። እሱ በየመሀሉ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ከዚያስ ያላት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ቦታዋን በገዛ አፏ እያስረከበች እንደሆነ ገብቷታል፤ ግን አላቆመችም። አርባ ደቂቃ አወራች።

በመጨረሻ ሳቁ ጠፋ። «ቆይ፣ ይሄን ሁሉ ብቻሽን ነው የሠራሽው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ነገ አብረሽኝ ነይ።»

በሰዓቱ መጣ፤ ፀጉሩን እንኳን አበጥሯል። ኃላፊው ሰሌዳው ጋ አቁሞ ጠመኔ ሲሰጠው ተቀብሎ ለእሷ አሳለፈው።

«ጋሼ፣ እኔ ለዚህ ፕሮጀክት የመጣሁት አንድ ቀን ነው። ያውም ቻርጀሬን ልወስድ።»

ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላችው። ኃላፊው መስመር በመስመር አየና ለምን እንደዋሸች ጠየቃት። ብቻዬን ማለት አፍሬ ነው አለችው።

«እዚህም ብቻሽን ነሽ» አላት። «የፓምፕ ክፍሉ ሰው የለውም፣ ጩኸቱም አያነጋግርም። ሰኞ ግቢ።»

በሩ ላይ መጣሁ እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ጨበጣት። መንገድ ማዶ ጓደኞቹ ቆመው ይጠብቁታል፤ እየሮጠ ተሻገረ። የኩሽኔታውን ዘይት ነገር ገና አልነገረችውም ነበር።