የቫዮሊኔ ትራስ

እግዜር አንገት ሲያድል እኔ ሁለቴ ሳልሰለፍ አልቀረሁም። አቃቂ ድልድይ ላይ ቆሜ፣ ቃሊቲ የሚሸጠውን በግ ጥርሱን አይቼ ዕድሜውን መናገር እችላለሁ። ለሌላ ሰው ይህን የመሰለ አንገት ጌጥ ነው፤ ለቫዮሊን ተጫዋች ግን መከራ ነው። ቫዮሊን የሚያዘው በአገጭና በትከሻ መካከል ተጣብቆ ነው። ከኔ አገጭ እስከ ትከሻዬ ባለው ቦታ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ጎጆ ቀልሶ፣ ፍየል አስሮ፣ ልጅ ድሮ መኖር ይችላል።

እኔ አሻግሬ፣ በጥጥ ፋብሪካው የሽመና ማሽኖች ጠጋኝ ነኝ። ጠጋኝ ስል ተራ ጠጋኝ እንዳይመስላችሁ። ማሽኖቹ ኮቴዬን ሲሰሙ ግማሹ በሽታቸው ይለቃቸዋል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ የፋብሪካው ባንድ ብቸኛ ቫዮሊን ተጫዋች ነኝ። በአቃቂ ምድር ከባቡሩ ፉጨት ቀጥሎ በሩቅ የሚሰማው የኔ ቫዮሊን ነው፤ ባቡሩም ቢሆን የሚበልጠኝ በእንፋሎት ስለሚታገዝ ነው።

የባንዱ አለቃ ሃምሳ አለቃ ገብረጻድቅ ከጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡት እሳቸው ናቸው እንጂ ቁጣቸው ገና በሥራ ላይ ነው። ለዘንድሮው የዘውድ በዓል በፋብሪካው ኳስ ሜዳ ስንጫወት፣ መሐል ላይ ሁሉም ዝም ብሎ እኔ ብቻዬን የምጫወተው ሶሎ ሰጡኝ። ሲገባኝ ነው። ነገር ግን በልምምዱ ላይ ቫዮሊኑ ከትከሻዬ አመለጠና ከበሮው ላይ አረፈ። እንደገና ጀመርን፤ እንደገና አመለጠ። አሁን ያረፈው የሃምሳ አለቃው ጉልበት ላይ ነበር።

«አሻግሬ!»

«አቤት ጌታዬ!»

«ይህ ነገር ቫዮሊን ነው ወይስ እርግብ?»

«ቫዮሊን ነው ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን ይበራል? ስማኝ። በበዓሉ ቀን ይህ ዕቃ ከትከሻህ የወረደ እንደሆነ፣ ሶሎውን ቀናው በአኮርዲዮን ይጨርሰዋል። ለዘለቄታውም የሱ ይሆናል። አንተ ከኋላ ቆመህ ታጨበጭባለህ!»

ቀናው ከማቅለሚያ ክፍል ነው። ጣቶቹ ሰማያዊ ናቸው፤ አኮርዲዮኑ በማንገቻ ደረቱ ላይ ስለሚታሰር፣ ሊጥለው ቢፈልግ እንኳ አይወድቅለትም። ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ለጠላቴም አልመኘውም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአስካለማርያም ነገሩን አጫወትኳት። አለቀሰች። በሳቅ።

«ሳቂ! ሶሎዬን ሊቀሙኝ ነው፣ አንቺ ትስቂያለሽ!»

«ምን ላድርግ? አንገትህን አላሳጥረው!»

ክፍተቱን በአንዳች ነገር መሙላት ነበረብኝ። መጀመሪያ ነጠላዋን አጣጥፌ ከቫዮሊኑ ሥር ከተትኩት፤ እንደ ሳሙና አዳለጠኝ። ቀጥሎ የበግ ቆዳ ሞከርኩ። እሱስ አላዳለጠም፣ ግን ጸጉሩ አፍንጫዬ ውስጥ እየገባ ያስነጥሰኝ ጀመር። ሳስነጥስ ደግሞ ሰፈሩ ያውቀዋል፤ የጎረቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ይነሣል።

በመጨረሻ ሐሳቡ መጣልኝ። ለሌላው ሰው ሐሳብ ጠብ ጠብ ይላል፤ ለኔ እንደ አቃቂ ወንዝ በነሐሴ ነው የሚወርደው። አንድ የተሰበረ የማሽን መወርወሪያ አነሣሁ። በድሩ መካከል ክሩን ወዲያና ወዲህ የሚያመላልሰው፣ እንደ ታንኳ ሾል ያለው ጠንካራ እንጨት ነው፤ ሲሰበር ለማገዶ ይጣላል። የክፍል ኃላፊዬን አስፈቅጄ ጫፍና ጫፉን ቆረጥኩት፤ በትከሻዬ ቅርጽ እስኪጎብጥ ሞረድኩት። የቫዮሊኑን ጠርዝ ግራና ቀኝ የሚነክሱ ጥርሶች ከሽቦ ሠራሁለትና፣ እንዳይቧጭሩት የአሮጌ ካላማዳሪ ጎማ አለበስኳቸው። ትከሻዬ ላይ በሚያርፍበት በኩል የአቡጀዲ ከረጢት ሰፍቼ በኮላ ለጠፍኩ፤ ከማሽኖቹ ሥር የጠረግኩትን ውዳቂ ጥጥም ጠቀጠቅኩበት። ፈረንጅ ቢያየው ፎቶ አንሥቶ በስሙ ያስመዘግበው ነበር።

ችግሩ ትራሱ ተሠርቶ ያለቀው በበዓሉ ዕለት ጠዋት መሆኑ ነው። ማሽን በዓል አያውቅም፤ እኔም ተረኛ ነበርኩ። ኮላው ገና እርጥብ ስለነበር፣ በትከሻዬ ልክ እንዲደርቅ ከለበስኩት ኮት ሥር በገመድ አስሬው ወደ ሜዳው ለመሄድ ወጣሁ። ቫዮሊኑን አስካለማርያም ይዛ እዚያ ትጠብቀኛለች። የፋብሪካው በር ላይ ግን ጋሼ መገርሳ አሉ። ጋሼ መገርሳ ዘበኛ ናቸው፤ በሳቸው በር እንኳን ጥጥ፣ የሰረቁት ሐሳብም አይወጣም።

«ቁም! ትከሻህ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ጠዋት ስትገባ ሁለቱም እኩል ነበሩ።»

«ሥራ በዝቶብኝ አብጦ ነው።»

«ሥራውን የሠራው አንዱ ብቻ ነው?»

ኮቴን አስወለቁኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የቫዮሊን ትራስ።»

«ቫዮሊን ይተኛል?»

«አይተኛም፣ ይደገፋል እንጂ።»

«ሸምግሏል?» አሉና ጣታቸውን ከረጢቱ ውስጥ ሰደዱ። ፊታቸው በራ። «ጥጥ!»

«ውዳቂ ነው ጋሼ! የሚጣል!»

«ቢወድቅም የፋብሪካው ነው። እኔም ስንት ጊዜ ወድቄአለሁ፣ ማን ጣለኝ?»

«ሙዚቃው ሊጀመር ነው! ሶሎዬን ቀናው ሊወስደው ነው! እባክዎ ጋሼ፣ በልጆችዎ!»

«ስለ እንጨቱ ኃላፊህ ነግሮኛል፣ ውሰድ። ስለ ጥጥ የነገረኝ የለም።» እየጎተቱ አወጡት፤ ገልብጠውም አራገፉት። ትራሴን ሲመልሱልኝ ከረጢቱ ጥርሱ እንዳለቀ ሽማግሌ ጉንጭ ተንጠልጥሏል።

ሮጥኩ። እኔ ስሮጥ አቧራው ከዱከም ይታያል። ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ከደብረ ዘይት በእግሩ የመጣ ሰው ሳይኖር አይቀርም። መለከቶቹ ጀምረዋል። አስካለማርያም ቫዮሊኑን አቅፋ በጥፍሯ ቆማለች።

«የት ጠፋህ አንተ ሰውዬ? ቀናው ማንገቻውን እያጠበቀ ነው!»

ባዶውን ከረጢት አሳየኋት።

«ሆዱን ምን በላው?»

«ጋሼ መገርሳ።»

ግራ ቀኙን ቃኘች። አጠገባችን ሳፊያ አለች፤ የሰፈራችን ባለሱቅ ናት፣ በበዓል ቀን ቆልታ ያመጣችውን ቆሎ በሰፌድ ዘርግታ ትሸጣለች።

«ሳፊያ፣ ቶሎ በይ፣ ገብሱን እዚህ ጨምሪ!» ብላ አስካለማርያም ከረጢቱን ከፈተች።

«ለሚበላ ነው?»

«ለሚሰማ ነው!»

ሳፊያ ግራ እየተጋባች በእፍኟ ሞላችው። አስካለማርያም አፉን በመርፌ ቁልፍ ቆለፈች፤ እኔም ትራሱን ቫዮሊኑ ላይ ገጥሜ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ሐቁን ልናገር፣ ጥጥ ምን ያደርጋል! ቆሎው ትከሻዬ ላይ ተስተካክሎ እንደ ድመት ተኛ። ሙቀት ነበረው፣ ገና ከምጣድ እንደወረደ ነው።

ሃምሳ አለቃው ጣታቸውን ቀሰሩልኝ። ባንዱ ዝም አለ። ደጋኑን ሳብኩ። ቫዮሊኑ ዘፈነ፤ ሥሩ ያለው ቆሎም ሻ... ሻ... ይል ጀመር። ሃምሳ አለቃው ዓይናቸውን አፈጠጡ። ሕዝቡ ግን አዲስ መሣሪያ የገባ መስሎት በጭብጨባ ያጅብ ጀመር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በዓለም ላይ እንደኔ የተጫወተ የለም።

ከዚያ መርፌ ቁልፉ ተከፈተ።

መጀመሪያ አንዲት ፍሬ በአንገትጌዬ ገባች። ተከታዮቿ መጡ። ትኩስ ቆሎ በደረቴ፣ በሆዴ፣ በሱሪዬ አድርጎ ጫማዬ ላይ ይፈስ ጀመር። አንዲት ዶሮ መጣች፤ ወዲያው የአቃቂ ዶሮ በሙሉ እግሬ ሥር ተሰበሰበ። ከረጢቱ ሲሟሽሽ ቫዮሊኑ ዘቀጠ። ትከሻዬን አነሣሁ። አሁንም ዘቀጠ። ትከሻዬ ጆሮዬን ነካ፤ ከዚያ ወዲያ የማነሣው ትከሻ የለኝም። በዓይኔ ጠርዝ የቀናው ሰማያዊ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ሲሰለፉ አየሁ። የሃምሳ አለቃውም እጅ ወደሱ መዞር ጀመረ።

ይኼኔ አስካለማርያም ከሴቶቹ መካከል ወጥታ፣ ዶሮዎቹን በእግሯ ገለል እያደረገች መጣችና፣ ጡጫዋን ከቫዮሊኑ ሥር አስገብታ ደገፈችው።

«ተጫወት!» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ሰው ያየናል!»

«ሊያየን አይደል የመጣው? ተጫወት፣ ክንዴ ሳይዝል!»

ተጫወትኩ። እሷ ወደፊት ስትል ወደፊት እያልኩ፣ እኔ ስዘነብል እሷም እየዘነበለች። የመጨረሻውን ድምፅ እስትንፋሴ እስኪያልቅ ሳብኩት። ጭብጨባው ሲነሣ፣ ወደ ናዝሬት የሚሄደው ባቡር ለማዳመጥ ቆሟል፤ ተሳፋሪዎቹን ጠይቁ።

ሃምሳ አለቃው ቀስ ብለው መጡ። ቆሎው ከጫማቸው ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ይህቺ ሴት ማን ናት?»

«ባለቤቴ ናት ጌታዬ።»

«ጥያቄ አለኝ። ቫዮሊኑ ወርዷል ወይስ አልወረደም?»

አፌን ስከፍት አስካለማርያም ቀደመችኝ። «ወርዶስ ቢሆን እጄ ላይ ምን ይሠራል? አልወረደም ጌታዬ!»

ሃምሳ አለቃው ጡጫዋን አዩ። አሁንም እንደተጨበጠ ከቫዮሊኑ ሥር ነበር። ቀናውን አዩ። መልሰው እኔን አዩኝ።

«ሶሎው ያንተ ነው» አሉ በረዥሙ ተንፍሰው። «ለገናም እንጫወታለን። እሷ ግን አብራህ ትምጣ። ያለሷ መድረኬ ላይ እንዳላይህ!»

ደረቴን ነፋሁ። ምስጋናዬን ገና ሳልጀምር እሷ ጣልቃ ገባች።

«እንደዚህ ሆኜስ አልመጣም። እንደነሱ ባለወርቅ ቁልፍ ኮት ይሰፋልኝ። ቆብም እፈልጋለሁ።»

«ቆብ የሚሰጠው ለመለከት ነፊዎች ብቻ ነው!»

«እንግዲያስ ቫዮሊኑን መለከት ነፊዎቹ ይደግፉለት» አለችና እጇን ልታወጣ አለች። ቫዮሊኑ ዘንበል አለ። እኔ ጮኽኩ።

ሃምሳ አለቃ ገብረጻድቅ፣ በልምምድ ላይ አንድም ቀን ለማንም እሺ ሲሉ ያልሰማናቸው ሰው፣ የራሳቸውን ቆብ አውልቀው ራሷ ላይ ለኩት። እስከ ቅንድቧ ወረደ።

«ይሰፋታል» አሉ። «በትንሽ ልክ ይታዘዝላት።»