ባትሪውን ያውጡት

በዳኑብ ዳር ባለችው ከተማችን ስታመን ጋንቼቭን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቁ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥንና የልብስ ማጠቢያ ሲጠግን ኖሯል። ስሙን በየቤቱ ያስገባው ግን ጥገናው ሳይሆን ሬዲዮ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ከዜና በፊት ባለችው ግማሽ ሰዓት፣ የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሰው እየደወለ የሚጠይቀውን ይመልስ ነበር። ፕሮግራሙ «ቀላል ኑሮ» ይባላል።

ምክሩ ማንም ቤት ባለው ነገር የሚሠራ ነው። የስልካችሁ ድምፅ አልሰማ ካላችሁ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት ይላል። ዓይኗ ለደከመ እናታችሁ የሪሞቱን ማብሪያ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጉላት ይላል። የቻርጀሩ ገመድ አንገቱ ላይ እየተሰበረ ያስቸገረውን ሰው፣ ከአሮጌ እስክሪብቶ ውስጥ ሞላውን አውጥቶ እንዲጠመጥምበት ያስተምራል። ሰው ይሞክረዋል፣ ይሠራል። መንገድ ላይ ሲያገኙት «ጋሽ ስታመን፣ ያቺ የብርጭቆዋ ነገር ቤቴን ጭፈራ ቤት አደረገችው እኮ» ይሉታል። ደስ ይለዋል። በተለይ በየመንደሩ ብቻቸውን የቀሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ምክሩን ባይፈልጉትም እንኳ ቀልዱን ፈልገው ይከፍቱታል። ልጆቻቸው ጀርመንና ስፔን ናቸው፤ የሚላክላቸው ዕቃ ብዙ ነው፣ አጠቃቀሙን የሚያሳያቸው ሰው ግን የለም።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ብርዱ ድንገት በገባበት ረቡዕ፣ ፕሮግራሙ ሊጠናቀቅ ትንሽ ሲቀር አንድ ስልክ ገባ።

«ሃሎ? ገባሁ እንዴ?»

«ገብተዋል እናቴ፣ ማን ልበል?» አለች አዘጋጇ ቪዮለታ።

«ፔና ነኝ። ከላይኛው መንደር። የጻንኮ ሚስት።»

«እንደምን አደሩ እትዬ ፔና» አለ ስታመን። «ጋሽ ጻንኮስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው። ዛሬ አልነሣም ብሎ ተጋድሟል። እኔ የደወልኩት... ልጄ ከስፔን ያመጣችልን ነገር አለች፣ ነጭ ናት፣ የሳሙና ማስቀመጫ ታክላለች። ምድጃው አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰቅላልን ሄደች። ዛሬ ጠዋት መጮህ ጀመረች። ዝም ትላለች፣ ደግሞ ትጮኻለች። ራሴን አዞረችኝ።»

ቪዮለታ ጣቷን አነሣች። ዜናው ሊገባ አንድ ደቂቃ አልቀረም ማለቷ ነው።

«መቼ ነው የተሰቀለችው?» አለ ስታመን።

«አምና በፋሲካ።»

«እንግዲያው ርቧታል። ከአምና ፋሲካ ጀምሮ ምንም ሳያቀምሷት ምን ታድርግ? ባትሪዋ እያለቀ ነው።»

ቪዮለታ ሳቀች። ሳቋ በአየር ላይ ሄደ።

«ቤት ውስጥ ባትሪ የለም እኮ ልጄ።»

«አይጨነቁ። ባትሪውን ያውጡትና መሳቢያ ውስጥ ይክተቷት። ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ እኔ ጋ ብቅ ይበሉ፣ አዲስ አስገባልዎታለሁ። እስከዚያ እርስዎም ይረፉ፣ እሷም ትረፍ።»

«እግዜር ይስጥህ» አሉ እትዬ ፔና። «ጭንቅላቴን ልትፈልጠው ነበር።»

ዜናው ገባ። ስታመን ኮቱን ለብሶ ወደ ሱቁ ሄደ። በዚያ ቀን ሁለት ማጠቢያ ጠገነ።

አርብ ጠዋት ጎረቤቱ ጫማ ጠጋኙ ኪሮ በሩ ላይ ቆመ። «የላይኛው መንደሩን ሰማህ?» አለው። «ባልና ሚስት አንድ ላይ። ምድጃ ነው። ቁራ የጭስ ማውጫው ውስጥ ጎጆ ሠርቶበት ኖሮ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነዱት ጭሱ ተመለሰባቸው። ትናንት ፖስተኛዋ ናት ያገኘቻቸው።»

«ማን ማን ናቸው?»

«ወረቀቱ ተለጥፏል፣ ምሰሶው ላይ።»

ስታመን ወጣ። የሞት ማስታወቂያው ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ነበር። ፔናና ጻንኮ። ሴትዮዋን አይቷቸው አያውቅም፤ ድምፃቸውን ብቻ ነው የሚያውቀው። በነጠላ ጥቁር መስመር የተከበበችውን ስም ሦስት ጊዜ አነበባት። ከዚያ ሱቁን ሳይቆልፍ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደ።

ስታመን ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለችው ዕቃ ከምድጃ የሚወጣውን ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉትን፣ የምትጠቁም ናት። ባትሪዋ ሲያልቅ በደቂቃ አንዴ ጪ ትላለች፣ በቃ። መርዝ ስታገኝ ግን አራቴ አከታትላ ትጮኻለች፣ ዝም ትላለች፣ እንደገና አራቴ። ይህን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁትም አይስተውም። ስንቴ ነው የምትጮኸው ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበረበት። አልጠየቀም።

ቪዮለታ የረቡዑን ቅጂ ከፈተችለት። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። «ገባሁ እንዴ?» ሲሉ ከኋላ ምንም አይሰማም። «ደህና ነው» ሲሉ ጩኸቱ ጀመረ። ቀጭን ነው፣ ሩቅ ነው፣ ሌላ ክፍል ውስጥ እንዳለ ነው። በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ቆጠረ። አራት። ዝምታ። አራት። «ራሴን አዞረችኝ» በሚሉት ቃል ሥር እንደገና አራት። ሴትዮዋ ራሴን አዞረኝ ብለውታል። ባልየው መነሣት አቅቷቸው ተጋድመዋል ብለውታል። ሁሉንም ነግረውታል። ከዚያ የራሱን ድምፅ ሰማ፣ ሲቀልድ።

ማዳመጫውን አውልቆ ለቪዮለታ ሰጣት። ጨርሳ ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጣቴን ያነሣሁብህ እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ሰዓት ነው ያሳየሽኝ። የመለስኩት እኔ ነኝ።»

ቤት ሲገባ ለሚስቱ ለማርጋ ነገራት። ማርጋ የምትልጠውን ድንች አስቀመጠች።

«ማን ያውቃል?» አለች።

«ሬዲዮ ነው እኮ። አገር ሰምቷል።»

«አገር የሰማው ቀልድህን ነው። ማንም አላገናኘውም። ቁራ ነው ብለዋል፣ ቁራ ይሁን። እነሱ እንደሆን አይመለሱም። አንተ ደግሞ ልብህ ደካማ ነው።»

«ነገ ቀብራቸው ነው።»

«አትሂድ፣ ስታመን።»

ሄደ።

ሰዉ ብዙ አልነበረም። ቄሱ ብርድ ስለሆነ አሳጠሩት። ሁለቱን ሣጥን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን አወረዱ፤ ሰው በየተራ ወይን አፈሰሰባቸው፣ የተቀቀለ ስንዴ በትንንሽ ኩባያ ታደለ። ስታመን ኩባያውን ይዞ ቆመ፤ መብላት አልቻለም። ሰዎቹ ሲያዩት ራሳቸውን ነቀነቁለት። የሬዲዮው ሰውዬ ለቀብር መጣ፣ ሰው ነው እንግዲህ፣ ተባባሉ።

ከቀብር በኋላ የሟቾቹ ቤት ሲገቡ ልጃቸው ዶንካ ክንዱን ነካችው። አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ እጇ በሳሙና የሻከረ ሴት ናት፤ ቫሌንሲያ ውስጥ የሰው አሮጊቶችን ታጥባለች፣ ታበላለች። ትናንት ማታ ነው የደረሰችው።

«ጋሽ ስታመን፣ እናቴ ረቡዕ ረቡዕ ሌላ ሥራ አትይዝም ነበር፣ እርስዎን ለመስማት» አለችው። «አንድ ነገር ያዩልኛል? እርስዎ ያውቁታል።»

ወጥ ቤት ወሰደችውና መሳቢያ ከፈተች። ነጯ ዕቃ በእጅ ፎጣ ተጠቅልላ፣ ባትሪው አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

«እኔ ነኝ የገዛኋት» አለች ዶንካ። «ሱቁ ውስጥ ሦስት ዓይነት ነበረ፣ ርካሿን አነሣሁ። ለአሮጊቶቹ ጥሩውን ነው የምገዛላቸው፣ የነሱ ልጆች ስለሚከፍሉ። ለእናቴ ርካሿን። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የተበላሸች ናት አይደል? አልሠራ ብትላቸው ነው ያወጧት። እውነቱን ይንገሩኝ፣ እችለዋለሁ።»

ስታመን ዕቃዋን አነሣ። አዎ ተበላሽታለች ቢል ሴትዮዋ ዕድሜ ልኳን የምትሸከመውን ያሸክማታል። አላውቅም ቢልም ያው ነው። ባትሪውን አስገባና የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫነ። አራት ጊዜ ጮኸች፤ ከሳሎን ሰው ብቅ ብሎ አየ። ስታመን መልሶ አጠፋት።

«ደህና ናት» አለ። «ባትሪውም ሙሉ ነው። ሥራዋን ሠርታለች።»

«ታዲያ ማን አወጣው?»

«እናትሽ ረቡዕ ደውለውልኝ ነበር። ትጮኻለች አሉኝ። ስንቴ እንደምትጮህ አልጠየቅኳቸውም። ባትሪውን ያውጡት አልኳቸው።»

ዶንካ አልገባትም፤ እንደገና ንገረኝ አለችው። እንደገና ነገራት፣ ቀልዱን ጨምሮ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እርስዎ ማለቱን ተወችው።

«ቀለድክባት?»

«አዎ።»

«እሷ ምን አለች?»

«አመሰገኑኝ።»

ከሳሎን የሹካና የሳህን ድምፅ ይመጣል። ዶንካ ፎጣውን አጣጥፋ ፈታች፣ አጣጥፋ ፈታች። ትጮኽብኛለች፣ ትመታኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ያ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«ያን ቀን ስንት ሰው ሰምቶሃል?» አለችው።

«እንጃ። ወረዳው በሙሉ ይሰማል።»

«በየመንደሩ እንደኔ እናት ያለ አለ። ልጆቻቸው ይህችኑ ዕቃ ይልኩላቸዋል፤ እዚያ ያለን ሁላችን እንልካለን። ስትጮህባቸው አንተ ያልካትን ያስታውሳሉ።» ቀና ብላ አየችው። «እዚህ ቆመህ ምን ትሠራለህ?»

ስታመን ይህን አላሰበውም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ያሰበው የሞቱትንና ራሱን ነው። ኮቱን ሳይቆልፍ ወጣ።

ከመንደሩ በቀጥታ ሬዲዮ ጣቢያ ሄዶ ሥራ አስኪያጁን ለመነ፤ አሁኑኑ ልናገር፣ ስህተት ነው ልበል አለ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮውን ዘግቶ ካሰበ በኋላ፣ ማሳሰቢያ ይነበባል እንጂ አንተ አትናገርም፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢሄድ ጣቢያው ይጠየቃል አለው። ማሳሰቢያው ተነበበ፤ ስም የለበትም፣ ረቡዕ ዕለት የተነገረው ነገር አልተጠቀሰበትም፣ ደረቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ያዳምጣል። የሚያዳምጡት ቀልድ ነው።

ስለዚህ ስታመን አሮጌ መኪናው ላይ ለዕቃዎቹ የሚሆኑ አዳዲስ ባትሪዎች ጫነና በየመንደሩ ሄደ። ሱቁን ዘጋ። በር እያንኳኳ «ነጭ ዕቃ አለችዎት? ምድጃው አጠገብ?» ይላል። ብዙው ቤት የለም። ያለበት ቤት ደግሞ አብዛኛው ግድግዳው ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ግን፣ ወንዙ ዳር ባለ መንደር፣ አንድ ሽማግሌ በደስታ ተቀበሉት።

«ጋሽ ስታመን ራሱ! እንዳልከው አድርጌያታለሁ» አሉት። «ትንሽ ስትነጫነጭ ጊዜ ከተትኳት። ይኸው መሳቢያ ውስጥ ተኝታለች።»

ስታመን ባትሪ አስገባ። ዕቃዋ ዝም አለች፤ ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ያን ጊዜ እውነትም ባትሪዋ ኖሯል ያለቀው። ሽማግሌው ራኪያ የሚሉትን አረቄ ቀዱለት። ለምን እንደመጣ ሲነግራቸው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ፔና የሞተችው በአንተ ምክንያት ነው?» አሉ።

«በእኔ ምክንያት ነው።»

«እንግዲያው ሂድልኝ» አሉ በቀስታ። «ባትሪውን አስገብተሃል፣ በቃ።»

ወሬው እንዲህ ነው የወጣው፤ ራሱ በየደጁ እየተናገረ። ፖሊስ ጠርቶ ቃሉን ተቀበለው። ዐቃቤ ሕግ የጭስ ማውጫው ለዓመታት አልተጠረገም፣ የሞቱ ምክንያት ይኸው ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ስታመን መዝገቡ መዘጋቱን ሲሰማ ፖሊስ ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ማርጋ መጥታ እስክታነሣው ድረስ። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ ሱቁ በር ላይ ምራቁን ጢቅ ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ፣ ይህ ይበልጥ አቃጠለው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ሰው ይሳሳታል» ይለዋል።

በገና ሰሞን በረዶው መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ አልተወም። የጭስ ማውጫ መጥረጊያ ብሩሽ ገዝቶ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ጣሪያ መውጣት ጀመረ። አንድ ጊዜ ወድቆ የጎድን አጥንቱ ተሰነጠቀ። ማርጋ ስታስረው «ልትሞት ነው የምትፈልገው?» አለችው። «አይ» አላት፤ እውነቱን ነበር።

በጥር ዶንካ ከስፔን ደወለች። ሰላምታ አልሰጠችውም።

«ስንት ቤት አገኘህ? መሳቢያ ውስጥ?»

«ዘጠኝ።»

«ሁሉም በሕይወት አሉ?»

«አሉ። አንደኛው ቤት ግን ባትሪ ሳስገባላት ወዲያው ጮኸች። ሴትዮዋን ደግፌ ነው ያወጣኋት። ሆስፒታል ሰንብታ ተመልሳለች።»

 ከዶንካ ኋላ አንዲት አሮጊት በማያውቀው ቋንቋ ትጣራለች።

«ቅጂው አንተ ጋ አለ? የእናቴ ድምፅ?»

«አለ። ግን እኔም አለሁበት። ዕቃዋም ትሰማለች።»

«ላክልኝ።»

«ዶንካ...»

«ይቅርታ እንድትለኝ አልደወልኩም። ይቅርታም አላደርግልህም። የእናቴ ድምፅ ሌላ ቦታ የለኝም፤ አንድም ቀን አልቀዳኋትም። ላክልኝ።»

በዚያው ቀን ላከላት። ደርሶኛል ብላም አልመለሰችለት፤ ከዚያ በኋላ አልደወለችም። የወላጆቿ ቤት እንደተቆለፈ ነው። የረቡዑ ሰዓት አሁን ሙዚቃ ይገባበታል። ስታመን ሱቁን መልሶ ከፍቷል፤ ሰው ትንሽ ነገር ሊጠይቀው ሲገባ ሥራውን አቁሞ ያዳምጠዋል፣ ይጠይቀዋል፣ ደግሞ ይጠይቀዋል፣ ሰውየው ሰልችቶት «ተወው በቃ ጋሽ ስታመን» ብሎ እስኪወጣ ድረስ።