ስድስት ዓመት ያልወለቀ ባርኔጣ

ሐሙስ ሐሙስ ሔርሜላ ሥራ አትገባም። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው አባቷ አቶ ሲሞን ነው። ሐሙስን መርጦ ከኮንጋ ድረስ ልጁ መድኃኒት ወደምትሸጥበት የዲላ ፋርማሲ የመጣውም ለዚሁ ነው። ግን ምን ያደርጋል፣ ባልደረባዋ ትንሳኤ ልጇን ልታስከትብ ብላ ቀን ተቀያይረው ነበር። ሰውዬው ልጁን ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ሲያያት ክው አለ።

"አባዬ! ምነው፣ አመመህ እንዴ?"

"ኧረ ደኅና ነኝ። እንዲያው ሰላም ልልሽ ብዬ።"

"ሐሙስ ቀን? እዚህ?"

ወይ ጉድ! መዋሸት የማይችል ሰው ሲዋሽ እንዴት ያሳዝናል። የሐኪም ማዘዣው ከኮት ኪሱ ግማሹ ወጥቶ እየታየ እሱ ስለ ዝናቡ ያወራል። ሔርሜላ ወረቀቱን መዘዝ አደረገችው። እናቷ መንበረም ሕመሟን የደበቀችው እንዲሁ ስለ ዝናብ እያወራች ነበር። አነበበችው፤ አላመነችም፤ ደግማ አነበበችው። ፊናስቴራይድ። ራሰ በራ ለሚሆኑ ወንዶች የሚታዘዝ ኪኒን ነው።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ የፀጉር ነው።"

"ቀስ በይ እንጂ! ሌላ ፋርማሲ አጥቼው ነው" አለ ዙሪያውን እየቃኘ። ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።

ያኔ ዓይኗ ጥቁር ባርኔጣው ላይ ዐረፈ። መንበረ የሞተች ጊዜ አቶ ሲሞን ለሐዘን ራሱን ተላጨና ይህን ባርኔጣ ደፋ። ይኸው ስድስት ዓመት፣ አላወለቀውም። ጸሎት ቤት ወንዱ ሁሉ ራሱን ገልጦ ሲቀመጥ እሱ ከነባርኔጣው ከኋላ ወንበር ነው፤ ሽማግሌዎቹም "ተዉት፣ ሐዘኑ አልወጣለትም" ይላሉ። ሔርሜላማ በባርኔጣው ትኮራ ነበር። አክስቶቿ "ብቻውን ምን ይሁን፣ ሚስት እንፈልግለት" ባሉ ቁጥር "አባቴ ገና ከሐዘኑ አልወጣም፤ ባርኔጣውን አታዩም?" እያለች የምትመልሳቸው እሷው ነበረች።

"ታዲያ ባርኔጣውን ያላወለቅከው..."

"ከተላጨሁ በኋላ ዳር ዳሩ በቀለ፣ መሐሉ ቀረ!" አለ አቶ ሲሞን ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው። "አፈርኩ ልጄ። ዛሬ ይበቅላል፣ ነገ ይበቅላል እያልኩ ጊዜው ሄደ።"

ሳቋ መጣ። ወዲያው ደግሞ አንጀቷን በላው።

"እስከ እሑድ ይደርሳል?" አላት።

"ምኑ?"

"ፀጉሩ ነዋ።"

"እስከ እሑድ? ሦስት ወር፣ ስድስት ወር ይፈጃል እንጂ! ካቆምከውም መልሶ ይረግፋል። እሑድ ምን አለ?"

አቶ ሲሞን ጫማውን እያየ መለሰ። "ወይዘሮ ዘነቡን ታውቂያት የለ፣ ዱመርሶ ቡና ማጠቢያ የምትሠራውን፣ ባሏ የሞተባትን? ላገባት ፈልጌ አንዴ ጠየቅኳት። 'ገና ነው' አለችኝ። አርጅቷል ብላ ነው መቼስ፤ በፀጉር ብታየኝ ብዬ ነው። እሑድ ፍስሐ ገነት ከተማ ወንድሟ ቤት ምሳ ጠርተውኛል፤ አንቺም እንድትመጪ ብለዋል። አሁንም 'ገና ነው' ካለች ሁለተኛ አልጠይቃትም።"

ሔርሜላ ጉሮሮዋን ጠረገች። ለደንበኛ ሁሉ መነገር ያለበት ነገር አለ፤ አባት ነው ተብሎ አይዘለልም።

"አባዬ... ይሄ ኪኒን አንዳንድ ወንድ ላይ... እንትን... የባልና ሚስቱን ነገር... ስሜቱን ቀዝቀዝ ያደርገዋል።"

አባትና ልጅ እኩል ቀና ብለው ጣራውን አዩ።

"እንግዲያው ፀጉሩን ምን ላደርገው ነው!" አለ አቶ ሲሞን።

ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ሳቀ፤ ተያይዘው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ድንገት ግን ሔርሜላ ቀጥ አለች።

"ዘነቡ ያለባርኔጣ አይታህ ታውቃለች?"

"ከየት አይታኝ! አውልቄው አላውቅም።"

"ታዲያ እሷም ያየችው እኔ ያየሁትን ነዋ! ጥቁር የደፋ ሐዘንተኛ!"

በአገሩ ሐዘንተኛ ጥቁሩን በራሱ አውልቆ አይጥልም፤ ዘመድ ነው ከሐዘን የሚያወጣው። የቅርብ ዘመዱ ደግሞ እሷ ነበረች። ስድስት ዓመት ሙሉ! በራሷ ተናደደች። ከባንኮኒው ዞራ መጣችና ባርኔጣውን በሁለት እጇ አነሳችው። ፀሐይ ያልነካው መሐል አናቱ ከፊቱ ይልቅ ቀላ ብሎ ነበር። ጎንበስ አድርጋ ሳመችው።

"እማዬን አልቅሰህላታል፤ በደንብ አልቅሰህላታል። በቃ አባዬ።"

አቶ ሲሞን ማዘዣውን አጥፎ እጇ ላይ አስቀመጠና ራሱን ገልጦ ወጣ።

እሑድ ፍስሐ ገነት ሲደርሱ ዘነቡ ከወንድሟ ደጃፍ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። የአቶ ሲሞን እጅ ሳያስበው ወደ አናቱ ሄደ።

"መላጣ ነኝ" አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

ዘነቡ ግን የምታየው ከኋላው የቆመችውን ሔርሜላን ነበር።

"አንቺ ነሽ ያወለቅሽለት?"

"እኔ ነኝ።"

"ተባረኪ ልጄ!" አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። "የእናትሽ ሐዘን ከራሱ ሳይወርድ ቤቷ አልገባም ብዬ ነው 'ገና ነው' ያልኩት።" ከዚያ ወደ አቶ ሲሞን ዞረች። "በል ግባ፣ ፀሐዩ አናትህን ያቃጥልሃል። ባርኔጣ ከእንግዲህ እኔ እገዛልሃለሁ። ነጭ።"