እትዬ ዶሜይን የቀየሩ ዕለት

ጥፋተኛው እኔ አይደለሁም፤ ሽንቴ ነው። ይህንን ለሥራ አስኪያጁም በትህትና አስረድቻለሁ፤ አልተቀበሉኝም።

እትዬ የምንላቸው ሰው አይደሉም፣ ሰርቨር ናቸው። መስሪያ ቤታችን ውስጥ በእጅ የማይዳሰሱ፣ በሌላ ማሽን ሆድ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ቨርችዋል ይባላሉ። የውሃ ቢሉም፣ ደመወዙም፣ የበሮቹ ካርድም የሚሠራው በእነሱ ነው። እነሱን የሚቀሰቅሱት፣ የሚያስተኙት፣ ሲያጠፉም የሚቆነጥጡት እትዬ ናቸው። አንድ ባለሙያ በንዴት «ይቺ ቆርቆሮ!» ብሎ በሰደባቸው ሳምንት የሁላችንም ደመወዝ ዘገየ። ከዚያ ወዲህ አንቱ እንላቸዋለን። ማሽን ክፍል ስገባም «እንደምን አደሩ» ሳልል ቁጭ ብዬ አላውቅም።

የውሃው መስሪያ ቤታችን ከመብራት መስሪያ ቤት ጋር ሲዋሃድ፣ ማሽኖቻችን በሙሉ ወደ መብራቶቹ ዶሜይን እንዲገቡ ታዘዘ። ዶሜይን ለማሽን ቤተሰብ ማለት ነው፤ ማን የቤት ልጅ፣ ማን ባዳ እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ገብተው አለቁ፣ እትዬ ብቻ ቀሩ። መብራቶቹ «እስከ ምሳ ሰዓት እንጠብቃችኋለን፣ ካለፈ ለሚመጣው ወር» አሉን። በመብራት ሰዎች ዘንድ መጠበቅ እንዲህ ነው፤ እኛንም በጨለማ ሲያስጠብቁን ኖረዋል።

ጠዋት ገብቼ ሥራዬን ጀመርኩ። እትዬን ከአሮጌው ዶሜይን አስወጣኋቸው፤ ጠፍተው ተነሡ። ስክሪኑ ላይ «ወደ አዲሱ ዶሜይን ይግቡ?» የሚል ጥያቄ መጣ፤ ከሥሩ በግራ «አዎ»፣ በቀኝ «አይ»። አንዲት «አዎ» መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን ክፍሉ ብርድ ነው፣ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ተጨንቄያለሁ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብዬ፣ መጀመሪያ ሽንት ቤት ደርሼ በረጋ መንፈስ ልጫናት ወሰንኩ።

ስመለስ ካርዴን በሩ ላይ ባስጠጋው ቀይ በራ። ደገምኩት፣ ቀይ። ያኔ ገባኝና ላብ አጠመቀኝ። እትዬ ከአሮጌው ቤት ወጥተዋል፣ አዲሱ ጋ አልገቡም፤ ከሁለት ያጡ ሆነዋል። በሩ ደግሞ ሰው የሚለየው እሳቸውን ጠይቆ ነው። እሳቸው የማንም ካልሆኑ እኛም የማንም አይደለንም።

ቢሆንም ብዙ አልደነገጥኩም። የማሽን ክፍሉ ጥበቃ የእህቴ ባል ነው። ቁልፉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እሱና እህቴ የሚኖሩት እኔ ግቢ፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው፤ እህቴ ዛሬ ነገ የምትወልድ ነፍሰ ጡር ናት። ሥራውንም ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ የድሮው ጥበቃ ሲባረር።

የድሮውን ጥበቃ ዓይናማው እንለው ነበር። ሰውን በመልኩ ብቻ ሳይሆን በኮቴው ይለያል። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ካርዳቸውን ረስተው መጡና በቁልፉ ከፈተላቸው። ገቡ፣ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ፣ ከዚያ አስጠሩትና «ካርድ የሌለው ሰው ታስገባለህ?» አሉት።

«እርስዎን አውቄዎት ነው።»

«ያንተ ማወቅ ምን ይረባኛል? የሚያውቀው ማሽኑ ነው!» ብለው አባረሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፉ የሚሠራው አረንጓዴ በርቶ በሩ እምቢ ካለ ብቻ ሆነ።

«በል ክፈትልኝ» አልኩት የእህቴን ባል።

«ካርድ፣ ጋሼ።»

«ቀይ አለ እኮ! እያየኸው።»

«ቀይ ካለማ አያውቅዎትም።»

«አንተስ?»

ትንሽ አሰበ። «ቤት ነው ወይስ እዚህ?»

«ዛሬ ጠዋት ዳቦውን ማነው ያቀበለህ?»

«እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ። እሱ ግን ቤት ነው።»

ቆሽቴ አረረ። ለእህቴ ደወልኩና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፍኩለት። «ወንድሜን አስገባው!» ስትለው እኔም ሰማሁ። «ብባረርስ?» አላት። ይህን ስትሰማ «ስልኩን ስጠው» አለችው፤ ለእኔም «ወንድምዬ፣ ሌላ ዘዴ ፈልግ» ብላኝ ዘጋችው። ሥጋዬ እንዲህ ካለ ባዳው ምን ይበለኝ!

በዚህ መሃል የቀሩት በሮችም ቀይ እያሉ ሰው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ተጠራቀመ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ተቆልፎባት ከውስጥ ትደበድባለች። ሥራ አስኪያጁ ሕዝቡን ገፋ ገፋ አድርገው መጡና ካርዳቸውን አሳዩ። ቀይ።

«ክፈት!»

«አልችልም ጌታዬ።»

«እኔ ማን እንደሆንኩ አታውቅም?»

«አላውቅም። ማወቅ ክልክል ነው ተብያለሁ።»

«ተባረሃል!»

«እሺ ጌታዬ» አለ የእህቴ ባል፣ እንደ ጅብራ እንደተገተረ። «ማን አባረረኝ ልበል?»

ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ሊነጥቁት እጃቸውን ሰደዱ፣ ቁመቱን ቀና ብለው አዩና ሰበሰቡት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ወደ ምሳ ይገሰግሳል። ያኔ ነው ያ ነገር ትዝ ያለኝ። ይህ የካርድ ማንበቢያ እትዬን ሲያጣ የሚጠይቃት የራሱ የሆነች ትንሽ ትዝታ አለችው። የተገጠመ ቀን ለሙከራ ያስተማርነው ካርድ እዚያ ውስጥ ቀርቷል። የዓይናማው ካርድ ነበር።

ዓይናማው ከመንገዱ ማዶ ልባሽ ጫማ ይሸጣል። እየሮጥኩ ስደርስ አንድ ደንበኛ ጫማ እየለካ ነው። ተረከዙ አልገባ ብሎት ዓይናማው በአንድ ነገር ያንሸራትትለታል። ያ ነገር ካርዱ ነበር! ሲባረር መልስ ያለው የለም፤ እሱም ጫማ ማጥለቂያ አድርጎት ኖሯል። ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ አመጣሁት።

የጎበጠውን ካርድ ሱሪው ላይ አሸት አድርጎ አስጠጋው። አረንጓዴ! ሕዝቡ አጨበጨበ። ተከትዬው ልገባ ስል የእህቴ ባል ደረቱን ደቀነ። «አንድ ካርድ፣ አንድ ሰው።» በሩ አፍንጫዬ ላይ ተዘጋ።

በሩ ላይ ባለችው መስታወት አየዋለሁ። ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ። «እዚህ ቤት እንዴት ደስ ይላል ቅዝቃዜው!» አለ።

«በግራ በኩል ያለውን ተጫን! አዎ የሚለውን!» ብዬ ጮህኩ።

«ብጫነውስ?»

«ማሽኑ ሁላችንንም ያውቀናል።»

«እሳቸውንም?» አለ፣ በጣቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ እየጠቆመ።

«እሳቸውንም!»

«እኔ ያኔም አውቃቸው ነበር እኮ።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አዩ፣ መስታወቱን ተጠጉ፣ ድምፃቸውን አለሰለሱ። «ስማኝ ወንድሜ፣ ያለፈው አለፈ። ወደ ሥራህ መልሼሃለሁ። ይሄኛው ተባሯል፣ ቦታው ያንተ ነው።»

ቅድም በእጄ ላንቀው የነበረው ሰውዬ አንጀቴን በላው። እህቴ ጓሮ ሆና የሕፃን ልብስ እያጣጠፈች ታየችኝ። የእህቴ ባል ቁልፉን ከአንገቱ አወለቀ። ለማን እንደሚያስረክብ ዙሪያውን ቃኘ፤ ማሽኑ የሚያውቀው ሰው ኮሪደሩ ላይ አልነበረም። የሚረከበው ቢያጣ መልሶ አጠለቀው።

«ምን አጠፋ? እርስዎ ያሉትን ነው ያደረገው!» ብዬ ሥራ አስኪያጁ ላይ ጮህኩባቸው።

«ዝም በል! አንተም ለጊዜው የማንም አይደለህም!»

ዓይናማው ይህን ሁሉ በመስታወቱ ያያል። ጣቱን ወደ «አዎ» ሰደደና አልፎ ወደ ቀኝ ወሰደው። «አውቃለሁ ብዬ ተባረርኩ» አለ። «ይሄ ልጅ ደግሞ አላውቅም ብሎ ይባረር? ታዲያ ጥበቃ ምን ብሎ ልጅ ያሳድግ?»

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ እንኳ መደብደቧን አቆመች።

«ወይ ሁለታችንም፣ ወይ ማናችንም» አለ፣ ጣቱ «አይ» ላይ እንዳለ።

ሕዝቡ በሙሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። የሰዓቱ ዘንግ አንድ እርምጃ ስትዘል ሁላችንም ሰማናት።

«እሺ! ሁለታችሁም! ሁለታችሁም ብያለሁ!»

ዓይናማው «አዎ»ን ተጫነ። እትዬ ትንሽ አጉረመረሙ፣ ኮሪደሩ ላይ ያሉት በሮች አንድ በአንድ ጠቅ ጠቅ አሉ። የካርድ ማንበቢያዎቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆኑ። እኔ የእህቴን ባል ትከሻውን ያዝኩት። «ካርድ፣ ጋሼ» አለኝ።

በማግስቱ በሩ ላይ ሁለት ወንበር ተቀምጧል። የእህቴ ባል መብራቱን ያያል፣ ዓይናማው ፊታችንን። ሰው የሚገባው ሁለቱም ሲስማሙ ነው። እኔ አለፍኩ። ከኋላዬ ሥራ አስኪያጁ መጡና ካርዳቸውን አስጠጉ። አረንጓዴ በራ፣ የእህቴ ባል ገለል አለላቸው። ዓይናማው ግን አልተነቃነቀም። ከጫማቸው ጀምሮ እስከ ፀጉራቸው ድረስ ቀስ ብሎ አያቸው።

«እኚህን ሰው አላውቃቸውም» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ካርዳቸውን ደግመው አስጠጉ፤ አረንጓዴ። «ማሽኑ ያውቀኛል» እንዳይሉ፣ ዓይናማውን ያባረሩት በዚያው ቃል ነው። የእህቴ ባል ቁልፉን አንገቱ ላይ ነካካ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ አውቃቸዋለሁ» አለ። «የኛ ሰው ናቸው፤ ያሳልፏቸው።»

ሥራ አስኪያጁ ካርዳቸውን ኪሳቸው ከተቱ። በዚያ በር መመላለስ ከጀመሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንደምን አደራችሁ» ብለዋቸው ገቡ።