የኦሃዮዋ ዶክተር በሜይፌር

ያን ቀን ከሱብሂ ሰላት በኋላ ከአላህ በቀር ለማንም በራሴ አንደበት አልተናገርኩም። የአነጋገር አሠልጣኜ የሊሊ ሕግ ነው፦ የትወና ፈተና ያለ ቀን ከእንቅልፍሽ ስትነሺ አሜሪካዊ ሆነሽ ትነሻለሽ፣ ካሜራው እስኪጠፋ አሜሪካዊ ሆነሽ ትውያለሽ። ሻይ ስትጠይቂም፣ ከወንድምሽ ጋር ስትጣይም፣ በር ጣትሽን ሲቆረጥምሽም። "ደግሞ 'ሼም' ብለሽ ጉድ እንዳትሠሪኝ" ብላኛለች። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ያደገ ሰው የሚያሳዝን ነገር በሰማ ቁጥር "ሼም" ይላል። ከዚያች ቃል በኋላ የኦሃዮ ፓስፖርት ብታወጪ እንኳን ማንም አያምንሽም ነው የምትለው ሊሊ።

ኦሃዮን አይቻት አላውቅም። ወራቤ ተወለድኩ፣ በእናቴ ጀርባ ሆኜ ጆበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ገባሁ፣ ያደግኩትም እዚሁ ነው። ግን አንድ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ እዚህ አገር ሊቀረጽ ነው፤ ዶክተር ሬቸል የምትባል የኦሃዮ ሐኪም ትፈለጋለች። ከዚያ ሁሉ ተፈታኝ እኔና አንዲት የኬፕ ታውን ልጅ ቀረን። አስር ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ በዙም ለመጨረሻ ጊዜ ያየኛል። ኮሮና ቴአትር ቤቶቹን ከዘጋ ወዲህ የአጎቴ ሱቅ ውስጥ የስልክ ሽፋን ነው የምሸጠው፤ ይህ ሚና ካመለጠኝ ዕድሜ ልኬን የምሸጠው ያንኑ ነው ብዬ ወስኜ ነበር። ዶክተር ሬቸልን ደግሞ ወድጃታለሁ። ሁልጊዜ የሐኪም ቆብ ታደርጋለች፤ ፀጉሬን ስለሚሸፍን ለአሜሪካኖቹም ለእናቴም ይመቻል።

ያስቸገረችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች። ዶክተሯ በታብሌት፣ ሩቅ ላለች ልጅ፣ "አባትሽ ዛሬ ጠዋት ሞተ" ትላለች። ባለፈው ጊዜ ዳይሬክተሩ አነጋገሬን አመስግኖ ሲያበቃ፣ "ይህቺን ስትዪ ግን ለምን ይቅርታ የምትለምኚ ትመስያለሽ? በቀጥታ ንገሪያት" አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ፈተና ላለበት አይነገርም፣ ምግብ ላልቀመሰም አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ "ትንሽ አሞት ነበር" ብሎ ከሩቅ ይጀምራል። ምላሴ አሜሪካዊ ሆኖልኛል፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን ወራቤ ይመለሳል።

ሦስተኛው የኮሮና ማዕበል ነበር። ባባ፣ አባቴ፣ ሆስፒታል ከገባ ሳምንት አልፎታል፤ ጠያቂ አይገባም። በየማለዳው ግን በዋትስአፕ ድምፁን ይልክልናል። ለእናቴ በስልጥኛ፣ ለወንድሜ ለሚስባህ በአማርኛ፣ ለእኔ ደግሞ በዙሉ ነው፤ ሊያበሽቀኝ። አሌክሳንድራ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለው። ደንበኞቹ እንደማንኛውም የእኛ ሰው ሱቅ "ማይ ፍሬንድ" ይሉታል፤ ግን በሽቦው መስኮት አጮልቆ ካልታየ በስተቀር በድምፁ ሐበሻ ነው የሚለው አልነበረም። ዘመድ ተሰብስቦ የሴት ልጅ ተዋናይነት ነውር ነው ሲል፣ "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከሽቦ ጀርባ ዙሉ ሆኜ ዳቦ ስሸጥ ማን ተናገረኝ? ልጄ በስክሪን አሜሪካዊ ብትሆን ምኑ ነው ነውሩ?" ያላቸው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የተናገረ የለም።

ያን ቀን ድምፁ አልመጣም።

ስልኬን አሥሬ አየሁ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ወደ ምድር ቤት ወርጄ ሚስባህን በኦሃዮ እንግሊዝኛዬ ጠየቅኩት።

"ባትሪው አልቆ ነው የሚሆነው" አለኝ በአማርኛ፣ ጫማውን እያሰረ። "ጠዋት ቻርጀር ወስጄለታለሁ።"

"ማን አስገባህ?"

"ለጋርዱ ሰጠሁት።" ከዚያ ሳልጠይቀው፣ "ኔትወርክም የለም እዚያ" ብሎ ጨመረ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ባትሪው ካለቀ ኔትወርክ ምን ያደርግለታል? ልጠይቀው አፌን ስከፍት ወጣ።

ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ። ከሰዓት ሎድ ሼዲንግ፣ በተራ መብራት ማጥፋቱ፣ ስላለ፣ ዙሙ እንዳይቋረጥ ብለው የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ አብዱልሀፊዝ ከመጋዘናቸው ጄኔሬተር አምጥተውልኛል። ጥሩ። ግን ለአንዲት ጄኔሬተር አራት ሽማግሌ? አስገብተው ሲያበቁም አልሄዱም፤ ጓሮ ቆመው ማስካቸው ውስጥ ያንሾካሹካሉ። ሐጂ ሌላ ቀን ሲያዩኝ "ሆሊውድ፣ እንዴት አደርሽ?" ሳይሉኝ አያልፉም። ያን ቀን "ልጄ፣ ሰላም ነሽ?" አሉና መሬት መሬት አዩ። እናቴ ደግሞ በዚያ ብርድ መስኮት ሁሉ ከፍታ ወለል ታጥባለች። ክፍሌ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ገባሁ። ዓረፍተ ነገሯን በመስታወት አልኳት፤ አሁንም ይቅርታ ጠየቀች። ጠላኋት።

በመጨረሻ ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ። ትናንትም ደውዬ ነበር፣ በራሴ ድምፅ። "የምናነጋግረው ሚስተር ሚስባህን ብቻ ነው፣ ማይ ዲር" ብለው ዘጉብኝ፤ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው የመዘገቡት። ዛሬም እንደሚዘጉብኝ እያወቅሁ ነው የደወልኩት፤ እጄ ሥራ ፈትቶ። በኦሃዮ እንግሊዝኛ ስለ ሚስተር ጣሃ፣ ስለ ባባ፣ ልጠይቅ ነበር አልኩ፤ የሊሊ ሕግ ነዋ። ነርሷ "ማን ልበል?" አለችኝ።

ምላሴ ቀደመኝ። "ዶክተር ሬቸል ነኝ።"

"ኦ፣ ዶክተር!" ድምፅዋ ተስተካከለ። ወረቀት ገለጠች። "ሚስተር ጣሃ... ሼም፣ ዶክተር። ጎህ ሲቀድ ነው የሞተው። ልጁ መጥቶ ፈርሟል፣ የቀብር ሰዎቹም ወስደውታል።" ከዚያም፣ "ጥሩ ሰው ነበር። ያ ኦክስጅን አፉ ላይ ሆኖ እንኳ በየጠዋቱ በዙሉ ሰላም ይለን ነበር" አለች።

"ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" አልኩ። በአሜሪካንኛ። የ'አር'ን ድምፅ ወደ ጉሮሮዬ ጠቅልዬ፣ እንደተማርኩት፣ አንዲት ፊደል ሳልስት። አባቴ ሞቷል፣ የእኔ ምላስ ከቦታው አልተነቃነቀም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ራሴን ጠልቼው አላውቅም።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና ፎጣ ነከስኩ። ከዚያ ንዴት መጣልኝ፤ ንዴት ሁልጊዜ ቀድሞልኝ ይደርሳል። ስለ ኔትወርክ ይዋሹኛል! ጄኔሬተር ይዘውብኝ ይመጣሉ! ወርጄ ያንን ሁሉ ሽማግሌ ላስደነግጠው፣ ፈተናውንም ጄኔሬተሩንም ልረግምባቸው ደረጃውን እየረገጥኩ ወረድኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ግን እናቴን በወጥ ቤቱ በር አየኋትና ቆምኩ።

ጀርባዋን ሰጥታኛለች። አጠገቧ ሩዝና ዶሮ የሞላው ሳህን አለ። ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችና ለግድግዳው፣ "ሐቢቤ፣ ምሳሽን አምጥቼልሻለሁ" አለች። መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ራሷን ነቀነቀች። እንደገና ውሃ። "ሐቢቤ፣ ምሳሽን አምጥቼልሻለሁ።" አሁን ደግሞ በጣም ጮኸች። በስልጥኛ አንድ ነገር ለራሷ አጉረመረመች፤ የተቆጣች ይመስለኛል። በሦስተኛው ሳቅ ጨመረችበት፣ ትክክል መጣላት፤ ያንን ሳቅ ሳትለቅ ሳህኑን አነሳች።

እናቴ መዋሸት አታውቅም። የዕቃ ዋጋ እንኳ ስታስወድድ የምታፍር ሴት ናት። ባሏ የሞተ ዕለት፣ ለእኔ ብላ፣ ወጥ ቤት ቆማ ልምምድ ታደርጋለች። ይህን እንዴት አድርጌ ላፍርሰው? እንደ ሌባ በጣቶቼ ጫፍ ወጥቼ ክፍሌ ተመለስኩና ስክሪፕቱን በግልባጩ ይዤ ተቀመጥኩ።

"ሐቢቤ፣ ምሳሽን አምጥቼልሻለሁ!" ሳቁ ሳይቀር መጣ።

በአሜሪካንኛ አመሰገንኳት። እንግሊዝኛ እምብዛም አትሰማም፤ ያን ቀን ስላልሰማችኝ ደስ አለኝ። አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠች።

"ብይ፣ ሳይቀዘቅዝ።"

ለምን እንደምታበላኝ አውቄያለሁ። መርዶ የሚነገረው ሰው ሆዱ ባዶ መሆን የለበትም፤ ከዚያ በኋላ ለስንት ቀን እህል እንደማያሰኘው አይታወቅም። ጎረስኩ። ሩዙ አልወርድ ሲለኝ በውሃ አወረድኩት። በመስኮት የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ ሐጂም ሚስባህም ሌሎቹም፣ የአጎቴ ባኪ፣ ፒክአፕ መኪናው፣ ከፊት ሆኖ፣ ተከታትለው ወጡ። ዙህር አካባቢ ነበር። እኛ ዘንድ ሴት መቃብር አትወጣም፤ የት እንደሚሄዱ ግን ይገባኛል። እናቴ ወደ መስኮቱ አላየችም። እኔም አላየሁም።

"ጨምሪ፣ ዶሮውን።"

ዶሮውን በላሁት። ሳህኑን በዳቦ ጠረግኩት። ከተወንኩት ሁሉ የከበደኝ ትወና ያ ነበር።

አስር ሰዓት ሲሆን መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ጓሮ አጓራ፣ ኮምፒውተሬ ላይ ዳይሬክተሩ ብቅ አለ። እሱ አገር ገና ጠዋት ነው፤ ትልቅ ኩባያ ይዟል። ረዳቱ የልጅቷን ቃል ታነባለች፣ እኔ ዶክተሯን። ዓረፍተ ነገሯ ስትደርስ ወደ ካሜራው ቀዳዳ አየሁ።

"አባትሽ ዛሬ ጠዋት ሞተ" አልኩ።

ዓረፍተ ነገሯ ይቅርታ አልጠየቀችም። ነርሷ እንደነገረችኝ፣ እንደ ድንጋይ ሰጠኋት። ረዳቷ ቀጥላ አነበበች፦ "ብቻውን ነበር?"

"አልነበረም። ነርሶቹ ነበሩ።" ስክሪፕቱ እዚህ ያልቃል። እኔ አላቆምኩም። "ኦክስጅኑ አፉ ላይ ሆኖ እንኳ በየጠዋቱ ሰላም ይለን ነበር።"

ዳይሬክተሩ ኩባያውን አስቀመጠ።

"የመጨረሻዋ ስክሪፕቱ ላይ የለችም" አለ።

"ይቅርታ።"

"የለም የለም፣ ትቀመጥ።" ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። "እኛ ከሌላዋ ጋር መነጋገር አያስፈልገንም። አንቺ ነሽ። ኦሃዮ የት አካባቢ ነው ያደግሽው?"

የመጣሁበትን ረስቶታል። አንድ ሺህ ጊዜ የተመኘሁት ጥያቄ ነው፤ የሊሊን ደስታ አስቡት። ለእኔ ግን እንደ አመድ ቀለለብኝ።

"ሜይፌር" አልኩት።

"አዎ፣ አዎ" አለ፣ ኦሃዮ ውስጥ ያለ ሰፈር መስሎት። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ስወርድ ሳሎኑ ሞልቷል። ወንዶቹ ተመልሰዋል፤ የሚስባህ ሱሪ ጉልበቱ ድረስ ቀይ አፈር ነው። ሴቶቹ ከእናቴ ጋር ተደርድረው ተቀምጠዋል። መካከል ላይ አንድ ወንበር ባዶ ነው፤ የእኔ። ተቀመጥኩ። ሐጂ አብዱልሀፊዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ሥራሽ ተሳካ?"

"ተሳካ" አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ አማርኛዬ ናት።

"አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ ልጄ፣ ባባሽ እንደምታውቂው ሰንብቶበታል፤ ትናንት ማታ ደግሞ ትንሽ..."

ይንገሩኝ ብዬ ነበር። ቀስ ብለው፣ ከሩቅ ጀምረው፣ እንደ ሰው ይንገሩኝ። በዚያች ደቂቃ ከማንም ሚና ይልቅ የፈለግኩት ያንን ነው፤ እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ልሰማቸው ፊቴን አዘጋጅቼ ነበር።

"ይተዉት፣ ሐጂ" አለች እናቴ። "ታውቃለች።"

ሐጂ ወደ እሷ ዞሩ።

"ስትፈተን በሩ ጋ ቆሜ ሰምቻታለሁ። እንግሊዝኛው አልገባኝም። ድምፁ ግን አባቷ የሞተባት ልጅ ድምፅ ነው።" ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጥታ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች። "ማን አረዳሽ፣ የኔ ልጅ? መቼ?"

"ሆስፒታል ደውዬ" አልኳት። "ከምሳ በፊት።"

ከምሳ በፊት የሚለውን ቃል ከንፈሯ ደገመው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ የያዘችው ፊት እንዳለ ወረደ፣ ሁለቱን እጆቼን ያዘቻቸው።

"እያወቅሽ ነው ያንን ሁሉ የበላሽልኝ?"