ፈጥኖ የቀላው ቀለም

ሰማያዊው ቀለም በአርባ ደቂቃ ሮዝ ሆነ። ዶክተር ሪያድ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ፈገግ አለ።

«ማሻአላህ። እነዚህ ሴሎች ጾም አያውቁም እንዴ? ነገ ጠዋት የተቃጠለችዋን ዊዳድን ቀዶ ጥገና እናስገባታለን።»

ነጂያ አልሣቀችም። እዚህ በቱኒዚያዋ ስፋክስ ከተማ ውስጥ፣ ለተቃጠሉ ሰዎች ከገዛ ገላቸው በተወሰደ ቁራጭ ቆዳ ስታሳድግ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይታለች። ሴል ጤነኛ ከሆነ ሲበላና ሲተነፍስ ቀለሙን ያቀላዋል፤ የታመመው ሰማያዊ እንደሆነ ይተወዋል። ግን ጤነኛውም ቢሆን አራት ሰዓት ይፈልጋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለሰው ነው፤ ሴል አይቸኩልም።

«ሴሎቹ የተቀመጡበትን ፈሳሽ ለብቻው ከቀለሙ ጋር ልየው» አለች።

«ማዳም ነጂያ፣ መልካም ዜና ስትሰሚ ያምሽ ጀመር?»

«ይመመኝ። ልየው።»

ሴል የሌለበት ፈሳሽ ሰማያዊ ሆኖ መቅረት ነበረበት። እሱም ቀላ። ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ ሲተነፍስ የቆየው እሱ ነው። ያንን ቆዳ የዊዳድ ቁስል ላይ ቢያለብሱት ኖሮ ደሟ ተመርዞ ትሞት ነበር። ዶክተር ሪያድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ከየት ገባ?»

ነጂያ ታውቃለች። የዊዳድ አባት መብሩክ ከቀርቀና ደሴት በጀልባ የሚመላለስ ዓሣ አጥማጅ ነው። የጋዝ ሲሊንደር ልጁን ካቃጠላት ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ የቤተ ሙከራው በር ላይ ቆሞ «የልጄን ቆዳ አሳዩኝ» ሲል አንጀቷን በላው። ከትናንት ወዲያ ካባና ማስክ አልብሳ አስገባችው። ቆዳው የሚያድግበት ሳህን ክዳን ውስጡ ላብ ይዞ አላሳይ ስላለ ለአንዲት አፍታ አነሣችው። ሽማግሌው ማስኩን ዝቅ አደረገ፤ ለታመመ እንደሚደረገው የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሓን አነብንቦ በስሱ ቆዳ ላይ እፍ አለ። እሷም አሚን አለች። ያኔውኑ መጣል ነበረባት። ሦስት ሳምንት የተለፋበትን መጣል አቃታትና ምንም አይሆንም ብላ ራሷን አታለለች።

ሳትሸሽግ ነገረችው። ዶክተሩ የሪፖርት ቅጹን ወደ ራሱ ሳበ።

«ምክንያቱ አልታወቀም ብዬ ልጻፍ?»

«ስሜን ጻፍ።»

መብሩክ ኮሪደሩ ላይ ሲያያት ተነሣ።

«ቀለሙ ቀላ አሉኝ። ደግ ነው አይደል፣ ልጄ?»

«ደግ አይደለም፣ አጎቴ መብሩክ። ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ ልንጥለው ነው። ከሌላኛው ጭኗ እንደገና ቆዳ ይቆረጣል። ሌላ ሦስት ሳምንት ትጠብቃለች፤ አቅሟ ከቻለ።»

«ከኔ ቁረጡ።»

«ገላዋ አይቀበለውም።»

«እፍ ያልኩት ነው?» አለ መብሩክ።

መዋሸት ትችል ነበር። ፊቱን አይታ አልሆነላትም።

«ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መጣል ሲገባኝ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፈ። «ሌላኛውን ጭኔን እንዳይነኩብኝ ብላ ለምናኝ ነበር» አለ። «ማን ይነግራታል?»

«እኔ።»

«አይሆንም። አንቺ ከፈትሽ፣ እኔ ተነፈስኩ። አብረን እንገባለን።»

ዊዳድ ነቅታ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ ስለ ነገው ሊያበሥሯት የመጡ መስሏት ፈገግ አለች።